ባሕር ሽሽ፦ አፏጪዋ ዳክዬና የጣና ዳርቻ

ስለ ጣና ወሬ በተነሳ ቁጥር እምቦጭ መነሳቱ አይቀርም። እምቦጭ ከተነሳ ደግሞ ወሬው ወደ ወፎቹ ይዞራል። አንዳንዱ ወፎች በእምቦጩ ላይ ሰፍረው ሲያይ አረሙ ተስማምቷቸዋል ብሎ ይደመድማል። ሌላው ዳክዬ በብዛት ቢለቀቅ እምቦጩን በልታ ትገላግለን ነበር ይላል። ከፎገራ በኩል የሚሰማው ስሞታ ነው፤ ዳክዬዎቹ የተዘራ ሩዝ ይለቅማሉ። ሦስቱም አባባሎች ውስጥ ትንሽ ትንሽ እውነት አለ። ሦስቱም ግን ዳክዬዋ የት እንደምትኖር፣ በየትኛው ወር ምን እንደምትፈልግ ሳይጠይቁ ያልፋሉ።

እዚህ የምንከታተለው የአንዲት የዱር ዳክዬን ኑሮ ነው። የእሷን ዓመት ከገበሬው ዓመት ጎን ለጎን ስናስቀምጠው ነገሩ ከእምቦጭ ሰፋ ያለ ሆኖ ይገኛል። ሁለቱ የሚሻሙት ሐይቁን ሳይሆን ጠርዙን ነው።

የትኛዋ ዳክዬ?

አማርኛ ለውኃ ወፎች ስም የሰሰተ ይመስላል። ዳክዬ አለ፣ ዝይ አለ፣ ይብራ አለ። ይብራ የሚለው ስም እንደየቦታው ለዳክዬም ለዝይም ይሰጣል። ግራ መጋባቱ የሚጀምረው ከዚህ ነው። አንዱ ዳክዬ ሲል በሆቴል ግቢ የምትርመሰመሰውን ለማዳ ማለቱ ነው። ሌላው የአውሮፓንና የእስያን ብርድ ሸሽታ የመጣችውን እንግዳ ያስባል። እንግዶቹ መስከረም ጥቅምት አካባቢ መግባት ይጀምራሉ፤ መጋቢት ሲሆን ይመለሳሉ። ጣና ላይ ይበላሉ፣ ያርፋሉ፤ እንቁላል ግን አይጥሉም።

የምናወራላት ዳክዬ ከሁለቱም የተለየች ናት። አፍሪካዊት ናት፤ እዚሁ ትወልዳለች። በድምጿ ትታወቃለች፤ እንደ ለማዳዋ አታንቋቅም፣ ታፏጫለች። ስለዚህ አፏጪ ዳክዬ እንበላት። በጣና ዙሪያ ሁለት ዓይነት አፏጪዎች ይገኛሉ። አንደኛዋ ፊቷ ነጭ ነው፤ ፉጨቷም ሦስት ድምፅ አለው። ሁለተኛዋ መላ ሰውነቷ ቀላ ያለ ቡናማ ሆኖ፣ በጎኗ ላይ የወተት መልክ ያላቸው ረዣዥም ላባዎች ተደርድረዋል። ትኩረታችን በዚህችኛዋ ላይ ነው።

ከመንቆር እስከ ጅራት 50 ሳንቲ ሜትር ገደማ ትሆናለች። አንገቷና እግሯ ረጃጅም ናቸው፤ ስትቆም ቀጥ ትላለች። ስትበር በጅራቷ ሥር ነጭ ግማሽ ክብ ይታያል፤ ከሩቅ ለመለየት የሚቀለው ይኼ ምልክት ነው። ወንዱንና ሴቷን በዓይን መለየት ግን አስቸጋሪ ነው። ይህችው ዳክዬ በደቡብ እስያም በአሜሪካ አህጉራትም ትኖራለች። የሚገርመው በሦስቱም ቦታ መልኳ ያው መሆኑ ነው። ከዓለም የመጥፋት ስጋት ያለባት ወፍም አይደለችም። እንግዲህ እዚህ የምናነሳው የዝርያዋን መጥፋት ሳይሆን የጣናን ዳርቻ ነገር ነው።

ቀን ዕረፍት፣ ሌሊት ሥራ

አፏጪ ዳክዬ በአብዛኛው የምትበላው ከመሸ በኋላ ነው። ቀን ላይ በጭቃ ዳር ወይም በተንሳፋፊ ዕፅዋት ላይ ከመንጋዋ ጋር ቆማ ትውላለች። ሲመሽ እያፏጨች ትነሳለች። እንግዲህ በቀን እምቦጭ ላይ ቆማ ያየናት ዳክዬ እዚያ እየበላች ነው ማለት አይደለም። አልጋዋን እንጂ ገበታዋን አላየንም።

ገበታዋ የሣርና የውኃ ዕፅዋት ፍሬ ነው። ከሥርና ከቅጠልም ትነካካለች፤ ነፍሳት የምትበላው በጥቂቱ ነው። የምትመገበው ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከግማሽ ሜትር ባልበለጠ ጥልቀት ነው። አንገቷን ትነክራለች፤ አንዳንዴ ሙሉ በሙሉ ትጠልቃለች። ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት ያለው ሐይቅ ነው። ለዚህች ዳክዬ ግን መካከለኛው ውኃ ባዶ ሜዳ ማለት ነው። ኑሮዋ ያለው በጠርዙ ላይ ባለች ቀጭን ቀለበት ውስጥ ነው።

ጎጆዋ ደግሞ ከምግቧ የበለጠ መራጭ ያደርጋታል። የምትሠራው ውኃ ውስጥ በቆመ ጥቅጥቅ ያለ ቄጠማ፣ ደንገል ወይም ፊላ መካከል፣ ወይም በውኃው ዳር ባለ ረጅም ሣር ውስጥ ነው። ብዙ ዳክዬዎች የደረታቸውን ለስላሳ ላባ ነቅለው እንቁላላቸውን ይሸፍናሉ። አፏጪዋ ይህን አታደርግም። ወንዱ ከሴቷ ጋር እየተፈራረቀ ስለሚታቀፍ እንቁላሉ ባዶውን የሚቀርበት ጊዜ አጭር ነው። ጥንዶቹም ለዓመታት አብረው ይቆያሉ። በዳክዬ ዓለም ወንዱ እንዲህ የሚሆነው ከስንት አንዴ ነው። አብዛኞቹ ወንዶች ሴቷ መታቀፍ ስትጀምር ጥለው ይሄዳሉ።

ጎጆ የምትሠራው በክረምት ነው። አሁን ቀን እንቁጠር። ሴቷ በቀን አንድ እንቁላል እየጣለች 10 ገደማ ታደርሳለች። ለመፈልፈል 25 ቀን አካባቢ ይወስዳል። ጫጩቶቹ በአንድ ቀን ውስጥ ከጎጆ ወጥተው ይዋኛሉ፤ ለመብረር ግን ወደ 63 ቀን ይፈጅባቸዋል። ሲደመር 98 ቀን ይሆናል። በዚህ ላይ ወላጆቹ ከወለዱ በኋላ ላባቸውን ይቀይራሉ። የክንፋቸው ላባ አንድ በአንድ አይረግፍም፤ ባንድ ጊዜ ነው የሚወድቀው። ለሦስት ሳምንት ገደማ መብረር አይችሉም። በዚህ ጊዜ ያላቸው መከላከያ መደበቅ ብቻ ነው። አርጃኖ፣ ቀበሮ፣ ንስርና ባለቤት የሌለው ውሻ ሁሉ ይፈልጋቸዋል።

በአጭሩ፣ ዳክዬዋ የምትፈልገው ከሦስት ወር ላላነሰ ጊዜ ውኃውም የማይሸሽ፣ ሣሩም የማይታጨድ፣ ሰውም የማይመላለስበት ቦታ ነው። ጣና ላይ እንዲህ ያለ ቦታ ማግኘት ከባድ እየሆነ ነው።

ውኃው ሲሸሽ ማን ይከተለዋል?

የጣና ዳር ገበሬ ባሕር ሽሽ የሚለው መሬት አለ። ስሙ ራሱ ትርጉሙን ይናገራል። ክረምት ላይ ሐይቁ ሞልቶ ይይዘዋል፤ በበጋ እየሸሸ ይለቀዋል። ሐይቁ ከፍ የሚለው መስከረምና ጥቅምት ላይ ነው፤ ዝቅ የሚለው ግንቦትና ሰኔ ላይ። በፎገራና በደንቢያ በኩል ሜዳው ለጥ ያለ ነው። መሬቱ በየሺሁ ሜትር አንድ ሜትር ብቻ ቢያዘቀዝቅ፣ ሐይቁ አንድ ሜትር ሲወርድ ዳርቻው አንድ ኪሎ ሜትር ይሸሻል ማለት ነው። የተገለጠው ጭቃ ለም ነው፤ እርጥበቱም ያለ ዝናብ ሰብል ያደርሳል። ገበሬው ውኃውን በእግር በእግሩ እየተከተለ ያርሳል።

ዳክዬዋም የምትከተለው ያንኑ ውኃ ነው። እየሸሸ ያለው ጠርዝ ያለፈውን ወቅት ፍሬ በጭቃው ላይ ይተውላታል። የተፈጥሮው ሥርዓት ቀርፋፋ ነበር። ውኃው በቀን በጣት እየተለካ ይወርዳል፤ ከኋላው ሣርና ቄጠማ ይበቅላል፤ ከብት ይገባል፤ ቀጣዩ ክረምት መልሶ ይሸፍነዋል። የፎገራ የከብት ዝርያ የተገኘውም ከዚሁ ውኃማ ግጦሽ ነው። ከብትና ዳክዬ በመጠኑ ከሆነ ይስማማሉ። ማረሻና ዳክዬ ግን አይስማሙም፤ ማረሻ ሽፋኑን ከነሥሩ ያነሳዋል።

በዚህ ሥርዓት ላይ ሰው ሠራሽ መቆጣጠሪያ የገባው በ1988 ዓ.ም. ነው። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በባሕር ዳር አጠገብ የጨረጨራ መቆጣጠሪያ ተሠራ። ዓላማው ለጢስ ዓባይ የኤሌክትሪክ ኃይል ውኃውን አመጣጥኖ መልቀቅ ነበር። በ1995 ዓ.ም. ድርቅና የኃይል ፍላጎት ተገጣጠሙ፤ ሐይቁ እጅግ ዝቅ ካለባቸው ጊዜያት አንዱ ሆነ። ጀልባዎች ተቸገሩ። ሰፊ የደንገል መሬት ደረቀ፤ ገበሬው በተገለጠው የሐይቅ ወለል ላይ ገብቶ አረሰ። ደንገል ከውኃ ርቆ አንዴ ከታረሰ ውኃው ቢመለስም እሱ በቀላሉ አይመለስም። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የጣና በለስ ጣቢያ ሥራ ጀመረ። አሁን ከሐይቁ የሚወጣው ብዙው ውኃ በምዕራብ በኩል በዋሻ ወደ በለስ ይሄዳል።

እዚህ ላይ ሁለት ክርክር አለ። የኃይልና የመስኖ ባለሙያው መቆጣጠሪያው ሐይቁን ከድንገተኛ መዋዠቅ ይጠብቀዋል ይላል። ልክ ነው፤ በደንብ ከተሠራበት ይጠብቀዋል። የሥነ ምህዳር ባለሙያው በበኩሉ መዋዠቁ ራሱ ረግረጉን የሚያኖረው እስትንፋስ ነው ይላል። ይህም ልክ ነው። ሁለቱን የሚያስታርቀው ጥያቄ ውኃው ስንት ሜትር ይሁን የሚለው ብቻ አይደለም። በየትኛው ወር፣ በምን ፍጥነት ይውረድ የሚለውም መጠየቅ አለበት። ጎጆ በተሠራበት ወር ድንገት ቢሸሽ ጎጆው ደረቅ መሬት ላይ ይቀራል። ያኔ ውሻ በእግሩ ይደርስበታል። ድንገት ቢሞላ ደግሞ እንቁላሉ ይሰምጣል።

ሩዙ፦ ጓደኛም ባላንጣም

ፎገራ ሩዝ የገባው በ1970ዎቹ ዓ.ም. ነው። የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እጅ ነበረበት። ዛሬ በሰፊው የሚዘራው ኤክስ ጅግና የተባለው ዘር ስሙን ያገኘው ከአካባቢው ነው። ቀድሞ ውኃ ስለሚተኛበት ብዙ የማይጠቅም ይባል የነበረው ሜዳ የገንዘብ ምንጭ ሆነ። ሩዙም ነጭ ወርቅ ተባለ። ይህን ማናናቅ አይቻልም፤ ብዙ ቤተሰብ ከችግር የወጣው በሩዝ ነው።

ለዳክዬዋ ሩዝ ምን ማለት ነው? ከላይ ሲታይ ድግስ ነው። ጥልቀት የሌለው ውኃ አለ፤ ፍሬ አለ። በሌሎች አገሮችም አፏጪ ዳክዬ የሩዝ ማሳ ወዳጅ መሆኗ ይታወቃል። ስሞታውም እውነት አለው። ዘር በተበተነበት ሰሞን መንጋ ሌሊት ቢያርፍበት ያደረሰው ጉዳት ጠዋት ይታያል። ጉዳቱ የሚበዛው ግን በውኃው ዳር ባሉ ማሳዎች ላይና ዘሩ ሥር እስኪሰድ ባሉት ጥቂት ሳምንታት ነው። ከአጨዳ በኋላ ማሳ ላይ የቀረውን ፍሬ ብትለቅም ማንንም አትጎዳም። የሣርና የአረም ፍሬም አብራ ትለቅማለች፤ ይኼኛውን ማንም አይቆጥርላትም።

ችግሩ ሩዝ ምግብ እንጂ ቤት አለመሆኑ ነው። 98 ቀን ሙሉ ሰው የማይገባበት የሩዝ ማሳ የለም። አረም ይታረማል፣ ውኃ ይለቀቃል፣ ይታጨዳል። ቀድሞ ከማሳው ወዲያ ረግረጉ ነበር፤ እዚያ ወልዳ እዚህ ትበላ ነበር። በፎገራ ሜዳ ላይ ያሉት የሸሸርና የወላላ ረግረጎች ዓመት ዓመት እየጠበቡ ነው። ከዳር ይታረሳሉ፤ በበጋ ውኃቸው በፓምፕ ለሽንኩርትና ለሌላ አትክልት ይሳባል። ሩዙን ብቻ ያየ ሰው ዳክዬዋ ጠግባለች ብሎ ሊያስብ ይችላል። እንቁላሏን የምትታቀፍበት ጎጆ ግን የላትም።

ሌላው ጉዳይ መድኃኒቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በአሜሪካ ቴክሳስና ሉዊዚያና ውስጥ አልድሪን በተባለ ፀረ ተባይ የታሸ የሩዝ ዘር ይዘራ ነበር። ይህችው ዳክዬ ዘሩን እየለቀመች በብዛት አለቀች። አልድሪን ከታገደ በኋላ ቁጥሯ መልሶ አገገመ። ፎገራ ላይ የአልድሪን ጉዳይ አለ እያልን አይደለም። ታሪኩ የሚነግረን መንገዱን ነው። ዘር የምትለቅም ወፍ ዘሩ ላይ ያለውን ሁሉ ትውጣለች። የፀረ ተባይና የፀረ አረም አጠቃቀም እየሰፋ በሄደ ቁጥር ይህ መንገድም እየሰፋ ይሄዳል። መንገዱ ዳክዬ ላይ የሚቆምም አይደለም፤ ውኃውን ከብትም ሰውም ይጠጣዋል።

እምቦጩን ትበላው ይሆን?

እምቦጭ በጣና ላይ የታየው በ2004 ዓ.ም. በሰሜኑ ዳርቻ ነው። ከደቡብ አሜሪካ የመጣ ተንሳፋፊ አረም ነው። ሁኔታው ከተመቸው በሁለት ሳምንት ውስጥ እጥፍ ይሆናል። ቅርንጫፉ እየተበጠሰ በነፋስና በማዕበል ይጓዛል፤ ፍሬውም ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ተኝቶ ይቆያል።

ዳክዬ ትጨርሰዋለች የሚለው ሐሳብ እዚህ ላይ ይወድቃል። አፏጪዋ ፍሬ ለቃሚ ናት፤ ወፍራም የእምቦጭ ቅጠል ምግቧ አይደለም። ለማዳ ዳክዬም ጥቂት ትነካካ እንደሆን ነው እንጂ በሁለት ሳምንት እጥፍ የሚሆን አረም አትቋቋምም። ዳክዬዎች ናቸው የሚያዛምቱት የሚለውም ተጋንኗል። የውኃ ወፎች በእግራቸውና በሆዳቸው ትናንሽ ፍሬዎችን ከቦታ ቦታ እንደሚያደርሱ ይታወቃል። በጣና ላይ ግን ነፋሱና ማዕበሉ ራሳቸው በቂ አጓጓዥ ናቸው፤ ወፍ መክሰስ አያስፈልግም።

ተስማምቷቸዋል የሚለውስ? መልሱ በመጠኑ ላይ ይወሰናል። ቀጭንና የተበታተነ እምቦጭ ለወፎች ማረፊያ ይሆናል። በጠርዙ ላይ ነፍሳት ይሰበሰባሉ፤ ጫጩት መደበቂያ ታገኛለች። ምንጣፉ ሲወፍርና ሲሰፋ ነገሩ ይገለበጣል። ብርሃን ወደ ታች አይገባም። ከሥሩ ያሉት የውኃ ዕፅዋት ይሞታሉ። የበሰበሰው ሁሉ በውኃው ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ይጨርሳል። ዳክዬዋ ፍሬያቸውን የምትለቅምላቸው ዕፅዋት የሚጠፉት በዚህ ጊዜ ነው።

ስለ ነቀላውም ሐቁን መናገር ያስፈልጋል። ገበሬው ውኃ ውስጥ ገብቶ በእጁ የሚነቅለው በአብዛኛው ከክረምት በኋላ፣ አረሙ ሲበዛ ነው። ወቅቱ ጫጩቶች ገና መብረር ካልቻሉበት ጊዜ ጋር ሊገጣጠም ይችላል። ይህ ማለት እምቦጩ ይቅር ማለት አይደለም፤ ቢቀር ከዳክዬዋ ይልቅ ሐይቁ ይጎዳል። ነገር ግን እምቦጭ ተብሎ ደንገሉም ቄጠማውም አብሮ ከታጨደ ጽዳቱ ራሱ ቤት ማፍረስ ይሆናል። ከተጸዳ በኋላ በባዶው ዳርቻ ላይ ማረሻ ቀድሞ የሚገባበት ሁኔታም አለ። ይህኛው ጥፋት ከአረሙ አይቆጠርም።

አይበላ እንጂ

አንድ ነገር ለዳክዬዋ ይመቻታል። በአካባቢው ባለው የክርስቲያን ልማድ የዳክዬና የዝይ ሥጋ አይበላም። በሌላው ዓለም ከውኃ ወፎች ጠላቶች አንዱ አዳኝ ነው፤ እዚህ ግን ጠመንጃ የሚያነሳባት ብዙ ሰው የለም። ስለዚህ አትግደሉ የሚል ዘመቻ ጣና ላይ ብዙ የሚፈታው ነገር የለም። ሳይነካት ቤቷን የሚወስድባት ሰው እንደሚገድላት አዳኝ አይታይም፤ ችግሩም ሳይታይ የሚቀጥለው ለዚህ ነው።

ባሕር ዳር ዙሪያም ያው ነው። የእንፍራንዝ ረግረግ ለከተማው የመጠጥ ውኃ ከሚሰጡት ምንጮች ጋር የተያያዘ ነው። ዙሪያውን ጫትና አትክልት ከቦታል። ደንገሉን ለታንኳ የሚያጭዱት ነገደ ወይጦ የሚባሉት የሐይቁ ዳር ነዋሪዎች አንዳንዴ እንደ አጥፊ ሲቆጠሩ ይሰማል፤ ይህ ሚዛን የሳተ ይመስለኛል። የታጨደ ደንገል ሥሩ ካለ ይበቅላል። ሥሩ ተነቅሎ ጫት የተተከለበት ግን አይበቅልም።

ሕጉ የት ላይ ይቆማል?

ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። ባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ማለት ሰው የማይገባበት ፓርክ ማለት አይደለም። ቦታው በሦስት ይከፈላል። እምብርቱ ላይ ተፈጥሮ ይጠበቃል፤ ከእሱ ቀጥሎ መከለያ የሚባለው ቀጠና አለ፤ ከዚያ ወዲያ ሰው እንደ ወትሮው እየኖረ በጥንቃቄ ያለማል። በወረቀት ላይ ጥሩ ነው። ዳርቻው ግን ወረቀት ላይ እንዳለ መስመር አይቆምም። ባሕር ሽሽ ዛሬ ውኃ ነው፤ ከሁለት ወር በኋላ መሬት ነው። ወሰኑ በየዓመቱ ይንቀሳቀሳል። መከለያው ከየትኛው ወር ዳርቻ ጀምሮ ይለካ? ከመስከረሙ ከተለካ ብዙ ገበሬ መሬት ያጣል። ከሰኔው ከተለካ መከለያው ክረምቱን ውኃ ውስጥ ይገባል፤ ዳክዬዋ የምትፈልገው ሣርም ከመከለያው ውጭ ይቀራል።

አንዳንዶች ዳርቻውን ሙሉ በሙሉ ከእርሻ ነፃ ማድረግ ይሻላል ይላሉ። መሬት በጠበበበት አገር ይህ በቃል ካልሆነ በቀር የሚሆን አይመስልም። ሊሆን የሚችለው ጠባብ ነገር ነው። በተመረጡ ቦታዎች፣ ለምሳሌ በወንዞች አፍና በቀሩት ረግረጎች ዙሪያ፣ ቄጠማው እስከ ኅዳር እንዳይታጨድና እንዳይታረስ መስማማት ይቻላል። ከኅዳር በኋላ ገበሬው ሣሩን ለከብቱ ያጭዳል። ያም ቢሆን ከፋይ ይፈልጋል። ቀድሞ ያረሰ ሰው ቀድሞ ይዘራል፤ የዘገየው እርጥበቱ ያመልጠዋል። ያን የሁለት ወር ኪሳራ ማን እንደሚሸፍን ሳይታወቅ ስምምነት ቢፈረም ብዙ ሳይቆይ ይፈርሳል።

ቆጠራውም መታሰብ አለበት። የውኃ ወፎች ዓለም አቀፍ ቆጠራ የሚካሄደው በጥር ወር አካባቢ ነው። ያኔ ጣና በእንግዶች ይሞላል፤ ቁጥሩም ደስ ይላል። አፏጪዎቹም በመንጋ ተሰብስበው ይቆጠራሉ። ነገር ግን በዚያ ወር የዘንድሮው ጫጩት ከወላጁ አይለይም። ዳርቻው ስንት ጫጩት እንዳሳደገ ለማወቅ ጥቅምት ላይ፣ ጫጩቶቹ ገና ሳይበሩ፣ በታንኳ ወደ ቄጠማው ገብቶ መቁጠር ያስፈልጋል። አፏጪ ዳክዬ ዕድሜዋ በዓመታት የሚቆጠር ወፍ ናት። መውለድ ካቆመችም በኋላ መንጋው በጥር ለጥቂት ዓመታት ሙሉ መስሎ ሊታይ ይችላል።